የጠዋቷን ስኒ አትንካት

«በቀን ስድስት ሰባት ስኒ እጠጣለሁ፤ ማታ እንቅልፍ የለም፤ ልቤም ይመታል። የጠዋቱን ቡና ግን እንዴት ብዬ ልተው?» ብለሃል። እኔም እንዳንተው ጅማ ነው ያለሁት ወንድሜ። እዚህ ቡና አልጠጣም ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ሆንክ?» ነው። ችግርህ ይገባኛል።

የእኔ ስህተት በአንዴ ማቆሜ ነበር። ሰኞ ተውኩ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ራሴን ወጥሮ ያዘኝ። ብርሃን አስጠላኝ። ቤት ውስጥ ያልተቆጣሁት ሰው የለም። ከፋርማሲ የራስ ምታት ክኒን ገዝቼ ሁለት ፍሬ ዋጥኩ፤ ተሻለኝ። ማታ ወረቀቱን ሳነብ ምን አገኘሁ? በእያንዳንዱ ፍሬ 65 ሚሊግራም ካፌይን። ለካ ቡናዬን በክኒን ነው የወሰድኩት!

ሐራራው ካቆምክ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። አንደኛውና ሁለተኛው ቀን ይከፋል፤ እስከ 9 ቀን ሊቆይ ይችላል። ረመዳን የሚጾሙ ጎረቤቶቼ ይህን አሳምረው ያውቁታል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራሳቸውን በሻሽ አስረው የሚውሉ አሉ። ብልሆቹ ግን ጾሙ ሳይገባ፣ ከረመዳን በፊት ካለው ከሻዕባን ወር ጀምረው የቀን ቡናቸውን ይቀንሳሉ። ዘዴውን የወሰድኩት ከነሱ ነው።

መጀመሪያ የማታውን ቆረጥኩ። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 10 ሰዓት ላይ የጠጣኸው ማታ 3 ሰዓትም ግማሹ አለ። አሁን ከ8 ሰዓት በኋላ አልነካም። እንቅልፌ በሳምንቱ ተመለሰ።

ቀጥሎ የጎረቤት ቡና። ይሄ ነው ከባዱ። ጎረቤቴ አዴ ቤት አቦል ሲቀዳ አልደርስም፤ ሆን ብዬ በረካ ላይ እገባለሁ። በዚያው ዱቄት ላይ ውሃ እየተጨመረ ስለሚፈላ በረካ ቀጠን ይላል። «ዛሬም ዘገየህ!» ይሉኛል። «ለምርቃቱ ነው የመጣሁት አዴ» እላለሁ። ይስቃሉ፤ ይመርቁኛል። ከቡና ቁርሱ ግን አልቀንስም።

የጠዋቷን አቦል አልተውኩም፤ አንተም አትተዋት። አንድ ቀን ልብ ብዬ አየሁት። ባለቤቴ ቆልታ ጭሱን ልታሸተን ምጣዱን ይዛ ስትዞር፣ እኔ በእጄ ወደ አፍንጫዬ እየሳብኩ ነቅቻለሁ። ካፌይኑ ገና ጉሮሮዬ አልደረሰም! ከዚያ የመጀመሪያዋ ፉት ስትመጣ የሚሰማን ደስታ በከፊል የሌሊቱ ሐራራ ሲለቀን ነው። ማታ ማታ መጠጣት ትተህ እንቅልፍህ ሲመለስ ጠዋት ላይ አንዷ ስኒ ትበቃሃለች። ለእኔ በቅታለች።

ሁለት ነገር ልጨምር። ቡናውን በሻይ ከተካኸው ሻይም ካፌይን አለው፤ ኮካም እንደዚያው። «አክስለህ ቁላው፣ ካፌይኑ ይቃጠላል» የሚሉህንም አትስማ፤ ብዙም አይቀንስም፤ የሚበላሸው ቡናው ነው። የልብህን ነገር ግን ሐኪም ይየው፤ ሁሉም በቡና አይመካኝም።

አሁን በቀን ሁለት ስኒ ላይ ነኝ። ባለፈው እሁድ ግን አማቴ ከአጋሮ አዲስ ቡና ይዘው መጡ። ራሳቸው አፍልተው፣ ራሳቸው ቀድተው ሲሰጡኝ እንዴት እምቢ ልበል? አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሦስቱንም ጠጣሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጣሪያ እየቆጠርኩ ነበር።