የማይገዛ ልብስ፣ የሚገዛ መጽሐፍ

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ በደብረ ብርሃን ከተማ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጥሩ ስፌት ልቤን ይማርከዋል፤ ይሁን እንጂ ደመወዜ ከወር ወር የሚያደርሰኝ በመሆኑ የታላላቆቹን የፋሽን ቤቶች ልብስ መግዛት አልችልም። በቅርቡ አዲስ አበባ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ባለፎቶግራፍ የፋሽን መጽሐፍ ገዛሁ። ማታ ማታ ሳገላብጠው ደስ ይለኛል፤ ሱቅ ለሱቅ የመዞር ፍላጎቴም ቀንሷል። ታላቅ እህቴ ግን «መጽሐፍ አይለበስ! በከንቱ ራስሽን ታስጎመጃለሽ» ትለኛለች። እውነት ራሴን እያታለልሁ ይሆን?

መልስ፦ እህትዎ ይህን ያሉት ለእርስዎ አስበው እንደሆነ አልጠራጠርም፤ በዚህ ጉዳይ ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ። በሱቅ መስታወት ውስጥ የተሰቀለ ልብስ መልኩንና ዋጋውን ከማሳየት አያልፍም፤ ጥሩ የፋሽን መጽሐፍ ግን ማን፣ በምን ዘመን፣ ከምን ዓይነት ጨርቅ፣ እንዴት አድርጎ እንደሠራው ያስረዳል።

ፈረንሳዊው የልብስ ዲዛይነር ክርስቲያን ዲዮር እ.ኤ.አ. በየካቲት 1947 ፓሪስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ካቀረባቸው ልብሶች አንዱ የሆነውን «ባር» የተባለ ሙሉ ልብስ ፎቶግራፍ ካገኙ ረጋ ብለው ይመልከቱት። ክሬም ቀለም ያለው የሐር ጃኬት ወገብ ላይ ጥብቅ ይልና ከዚያ በታች፣ ውስጡ በገባው ሙሌት ምክንያት፣ ዳሌው ላይ ገለጥ ብሎ ይወጣል፤ ከሥሩ ጥቁር ሽንሽን ቀሚስ ይከተላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጨርቅ በራሽን ይታደል ስለነበር፣ ይህን ያህል ጨርቅ የፈጀ ቀሚስ ያስደነቃቸውም ያስቆጣቸውም ነበሩ። ዛሬ ይህ ልብስ ያለው በሙዚየም ነው፤ ስለዚህ ባለጠጋዋም ብትሆን እንደ እርስዎ ከማየት በቀር ከሱቅ ገዝታ አትለብሰውም።

ትምህርቱ ደግሞ ለእጅም ይተርፋል። ማድሌን ቪዮኔ የተባለችው ፈረንሳዊት ጨርቁን በክሩ አቅጣጫ ሳይሆን በሰያፍ እየቆረጠች፣ ልብሱ ከሰውነት ጋር እንዲለጠጥና እንዲፈስ አድርጋለች። ይህን የተረዳ ሰው ልብስ ሰፊው ዘንድ ሲሄድ የሚፈልገውን ለይቶ ይናገራል፤ ሰያፍ አቆራረጥ ጨርቅ እንደሚበላ አውቆም አስቀድሞ ጨምሮ ይገዛል። እንዲህ የሠለጠነ ዓይን የአገሩንም ሥራ ይመረምራል፦ ሴቶች ፈትለው ወንዶች የሚሸምኑት የመንዝ ሱፍ፣ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ብሎ የሚወጣው በርኖስ፣ ከማንኛውም የፓሪስ ካፖርት ባልተናነሰ ጥንቃቄ መታየት የሚገባቸው ናቸው። በርኖስን ስፌት በስፌት ፎቶግራፍ አንስተው የሚያስረዱ መጻሕፍት ቢበዙልን ምንኛ በወደድሁ።

የእህትዎ ስጋት እውነት የሚሆንበት አንድ መንገድ አለ። አንዳንዶቹ መጻሕፍት የፋሽን ቤቶቹ ራሳቸው የሚያሳትሟቸው በመሆናቸው ከማስተማር ይልቅ ያስጎመጃሉ፤ ሙዚየሞች የሚያዘጋጇቸውን ያስቀድሙ። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ኅትመታቸው ካለቀ መጻሕፍቱ ብዙዎቹን፣ ስለ አልባሳት የተጻፉትንም ጨምሮ፣ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ እንዲነበቡ አድርጓል። በወረቀት የታተመውን ከወደዱ ደግሞ አዲስ አበባ ካሉ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ይጠይቁ፤ ከመክፈልዎ በፊት ግን ገጾቹን አንድ በአንድ ይግለጡ፣ በእንዲህ ዓይነት መጻሕፍት ውስጥ መጀመሪያ ተቀድደው የሚወሰዱት ሥዕሎቹ ናቸውና።