መልስ፦ ቤት የሚመታ ግጥም ዜማ ለምን ያጣል?

«ግጥሜ ቤት ይመታል፤ ጓደኞቼ ግን ዜማ የለውም ይሉኛል» ላልከው፦ ወዳጄ፣ ቤት መምታት የስንኙን ጫፍ ብቻ ነው የሚይዘው። ዋናው ሥራ መሃል ላይ ነው። የምጽፍልህ ከጅማ ስለሆነ ምሳሌዬም ቡና ቡና ይላል፦

ቡናው ሲቆላ ነው፣ ጅማ የሚሸተው፤
ቀጥሮኝ የቀረ ነው፣ ቀልቤን የጎተተው።

ጮክ ብለህ አንብበው። እያንዳንዱ ስንኝ 6 በ6 ቀለም (በአፍ አንድ ጊዜ የሚወጣ የቃል ቁራጭ) ነው፤ ከመሃሉ ትንፋሽ በፊት 6፣ በኋላ 6፤ የወል ቤት የሚባለው። (ሰንጎ መገን የሚባለውን የግጥም ልክ ከፈለግክ 5 በ5 ነው።) ስትቆጥር ፊደሉን ሳይሆን አፍህን ስማ፤ «ቡናው» በጽሑፍ 3፣ በአፍ ግን 2 ነው (ቡ-ናው)። መሃል ላይ ትንፋሽ ስትወስድ «ነው» ከ«ነው» ጋር ይገጥማል። ዜማው እሱ ነው።

ጉልበቱ ግን ከ«ቀ» ነው የመጣው፦ ቀጥሮኝ፣ የቀረ፣ ቀልቤን። ጉሮሮ ላይ ታፍኖ የሚፈነዳ ድምፅ ስለሆነ ቅሬታ ይዞ ይወጣል። አሁን እንዲህ በለው፦ «ዋሽቶኝ የቀረ ነው፣ ልቤን የጎተተው»። ልኩ አልተነካም፣ ሐሳቡም ብዙ አልራቀም። ንዴቱ ግን በረደ፣ አይደል? ደግሞ «ቀ»ን በየቃሉ አትደንቅር፤ የምላስ ማፍታቻ ይሆንብሃል።

እስቲ ያንተን ሁለት ስንኝ እዚህ ለጥፈውና አብረን እንየው።