ዝናብ ሲነካው ለሚያስል የቤንዚን ሚኒባስ፦ ካርቡሬተሩን ከመንካትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼዋለሁ። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራ የቤንዚን ሃይኤስ አለህ። ጠዋት ዝናብ ካደረ አልነሣም ይላል። ከተነሣም ይንገጫገጫል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። ፀሐይ ሲወጣ ደህና ይሆናል። መካኒክህ «ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ይቀየር» ብሎሃል፤ አንተ ደግሞ የካንዴላ ገመዱን፣ ማለትም ቤንዚኑን በብልጭታ ለሚያቀጣጥለው ካንዴላ ካረንት የሚያደርሰውን፣ ራሴ ብቀይረውስ ብለሃል።

ትችላለህ። ካርቡሬተሩ ለጊዜው ይቆይ። ፀሐይ ሲወጣ የሚሻለው ችግር ብዙ ጊዜ የቤንዚን ሳይሆን የካረንት ነው። እኔም እዚሁ ሐዋሳ ያንተን ዓይነት መኪና ነው የምነዳው። ክረምት ላይ እርጥበቱ ሌሊቱን ሞተሩ ላይ ያድራል። አንድ ጋራዥ ካርቡሬተሬን ደጋግሞ ፈትቶ አጠበልኝ፤ ገንዘቤ ሄደ፣ ሳሉ ግን አልሄደም። ገመዱ ሲቀየር ነው ያቆመው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኮይሉ (የባትሪውን ቮልት ከሚያሳድገው) ተነሥቶ በዲስትሪቢውተሩ (ለየሲሊንደሩ በሚያከፋፍለው) በኩል ወደ ካንዴላ የሚሄደው ካረንት ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ሊደርስ ይችላል። የገመዱ ጎማ ሲያረጅ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣል። እርጥበት ስንጥቁ ላይ ሲያርፍ ካረንቱ ካንዴላው ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ሞተሩ ብረት ያመልጣል። ዳገት ላይ የሚብሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነዳጅ ስትሰጠው ሲሊንደሩ ውስጥ ግፊቱ ይጨምራል፤ ካንዴላው ላይ ብልጭታ ለመፍጠር የበለጠ ቮልት ያስፈልጋል። ካረንቱም ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። ሀገረ ሰላም ሽቅብ ስትወጣ መኪናው በሦስት ሲሊንደር ብቻ የሚሠራ የሚመስልህ ለዚህ ነው።

ገመድ ከመግዛትህ በፊት ማታ ጨለማ ቦታ አቁመው። የፊት ወንበሩን አንሥተህ ሞተሩን በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳትረግጥ፣ አሠራው። የቤንዚን ሽታ ካለ ግን ተወው፤ መጀመሪያ ፍሳሹ ይጠገን። ከሌለ፣ ልብስ ስንተኩስ በምንጠቀምበት መርጫ ገመዶቹ ላይ ውሃ በስሱ እፍ አድርግ። የተበላሸው ራሱ ይናገራል፦ ከገመዱ ጎን ቀጭን ሰማያዊ ብልጭታ ቲክ ቲክ እያለ ወደ ብረቱ ይዘላል። ሞተሩ እየሠራ ገመዱን በእጅህ እንዳትነካ። ልቡ ላይ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ደግሞ ጨርሶ አይጠጋ።

ብልጭታ ካላየህ ሞተሩን አጥፍተህ እያንዳንዱን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቴስተር (ኦም በሚለካው መሣሪያ) ለካ። አሮጌ ቶዮታዎች ላይ አንድ ገመድ ከ25 ሺህ ኦም ማለፍ የለበትም። ምንም ካላነበበ ውስጡ ተበጥሷል ማለት ነው። እያወዛወዝክ ለካው፤ አንዳንዱ ሲታጠፍ ብቻ ነው የሚቋረጠው።

ስትገዛ ሙሉውን ግዛ፣ ከኮይል ወደ ዲስትሪቢውተር የሚሄደውንም ጨምረህ። አሮጌዎቹን ይዘህ ሂድና ርዝመታቸውን አስተያይ። የታወቀ ስም ታትሞበታል ብለህ ብቻ አትመን፤ ጫፉ ላይ ያለው ብረት ጠበቅ ብሎ መያዙን በእጅህ ሞክረው።

አገጣጠሙ ላይ ያለኝ ትልቁ ምክር፦ ሁሉንም በአንዴ እንዳትነቅል። አንዱን ንቀል፣ አዲሱን እዚያው ቦታ ግጠም፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። የዚህ ሞተር የእሳት ቅደም ተከተል፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ የሚቀጣጠሉበት ተራ፣ 1-3-4-2 ነው። ሁለት ገመድ ካቀያየርክ በካርቡሬተር በኩል ይተኩሳል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ገመዱን ራሱን አትጎትት፤ የጎማ ቆቡን ይዘህ ትንሽ ጠምዘዝ አድርገህ አውጣ። ስትገጥም «ቀጭ» እስኪል ግፋው። ቆቡ ውስጥ ጥቂት የሲሊኮን ግሪስ ብትቀባ እርጥበት ይከለክልልሃል። ተራ ግሪስ ግን ጎማውን ይበላዋል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የገመዱን አካሄድ ነው። በፕላስቲክ መያዣዎቹ ውስጥ መልሰህ አስገባቸው፤ እርስ በርስ እንዳይነካኩ፣ የጭስ ማውጫው ብረት ላይም እንዳይተኙ። አዲስ ገመድ እዚያ ብረት ላይ ከተኛ ቶሎ ተቃጥሎ እንደገና እዚሁ ትመለሳለህ። የቫልቭ ክዳኑ ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነም መጀመሪያ እሱን አስጠግን፤ ዘይት የጠጣ ጎማ ያብጣል።

የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ከፍተህ ውስጡን ሳታይ እንዳትጨርስ። በእርሳስ የተሰመረ የመሰለ ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ ካረንት በዚያ እየፈሰሰ ነውና ክዳኑም ይቀየር። መኪና እጥበት ላይ ሞተሩን በግፊት ውሃ ማስመታት የምንወድ ሰዎች እባካችሁ ይቅርባችሁ። ውሃው ክዳኑና ቆቦቹ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይበቃል።

ካንዴላዎቹንም አብረህ ንቀላቸውና ክፍተታቸውን ለካ፤ ብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች ላይ 0.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የየትኛው ሲሊንደር እንደሆኑ ለይተህ በተራ ደርድራቸውና ፎቶ አንሥተህ ላክልን። ፈዛዛ ቡኒ ከሆኑ ካርቡሬተርህ ጤነኛ ነው። አራቱም ጥላሸት ከለበሱ ያኔ ስለ ካርቡሬተሩ እናወራለን።