የላኦስ ካሴት ይዤ ስራ አገኛለሁ ወይ ላልሽኝ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ሚኒሶታ ኦዲዮ ፕሮዳክሽን እየተማርሽ ነው፣ ጎረቤታችሁ ያሉት የላኦስ ሽማግሌ የድሮ የኬን (በአፍ የሚነፋ የላኦስ የቀርከሃ ሙዚቃ መሳሪያ) ካሴቶቻቸውን ሰጥተውሽ ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥሽ ነው፣ እናትሽ ደግሞ «ነርሲንግ ግቢ፣ ይሄ እንጀራ አይሆንም» ብለውሻል።

እናትሽ ግማሹን ልክ ናቸው። የኬን ሙዚቃ ጠባቂ የሚል ቫካንሲ አታገኚም። ግን የድምፅ አርካይቭ የሚባል፣ የድሮ ቅጂ ጠብቆ የማቆየት ስራ አለ፣ ላይብረሪው ዩኒቨርሲቲው ሬዲዮ ጣቢያው ሁሉ ያልተገለበጠ ቴፕ ተከምሮበታል ማጫወቻውም እየጠፋ ነው፣ እና አንቺ ለኢንተርቪው ይዘሽ የምትቀርቢው እነዚህን ካሴቶች ነው። ስለዚህ ስራው ይጥራ።

ኬን ደግሞ ፈታኝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 16 የቀርከሃ ቧንቧ አለው፣ በየቧንቧው ቀጭን የብረት ምላስ ተተክሏል፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲሳብም ሲነፋም ያው ድምፅ ስለሚወጣ ሙዚቃው ለትንፋሽ ብሎ አይቆምም፣ ተጫዋቹም አንዳንዱን ቀዳዳ በሰም መሳይ ነገር ይደፍነውና ያቺ ኖታ ዝም ሳትል ከስር ትጮሃለች። ኖይዝ ማጥፊያ ሶፍትዌር ሳይቋረጥ የሚሰማውን ነገር ጫጫታ ነው ብሎ ሊበላው ይችላል (ዩቲዩብ ላይ እንደዚህ የታጠበ ስንት አለ መሰለሽ)። ማስተሩን፣ ማለት ዋናውን ቅጂ፣ በ96 ኪሎኸርዝ 24 ቢት ዌቭ ፋይል አስቀምጪ፣ ምንም አትንኪው፣ ማጽዳት ካማረሽ ኮፒው ላይ። ፒቹንም ወደ 440 ኸርዝ (የዛሬ መሳሪያዎች የሚቃኙበት መደበኛ ልክ) አታስተካክዪ፣ የድሮ ኬን እንደ ሰሪው ነው የሚቃኘው።

ከድምፁ እኩል የሚፈለገው መረጃው ነው፣ ማን ነፋው፣ የየት መንደር ሰው ነው፣ በየትኛው የዜማ ስልት፣ የሚዘፍነውስ ማነው፣ ሽማግሌው አብረውሽ ቁጭ ብለው እየሰሙ ይንገሩሽ አንቺ ጻፊ። ለማን እንደሚሰጥና ኢንተርኔት ላይ ይውጣ አይውጣ የሚለውንም በጽሁፍ ፈቃድ ተቀበያቸው። የላኦስ ዋና ከተማ ቪየንቲያን ብሔራዊ ቤተመጻሕፍት ውስጥ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባህል ሙዚቃ አርካይቭ አለ፣ ዩኔስኮም የኬንን ሙዚቃ በ2017 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል፣ ስለዚህ እሳቸው ከፈቀዱ ኮፒውን የምትልኪበት ቦታ አታጪም።

ለጊዜው ትምህርትሽን አታቋርጪ። የግቢሽ ላይብረሪ ዲጂታይዜሽን ክፍል ካለው ለተማሪ ሰራተኛነት አሁኑኑ አመልክቺ፣ ስትመረቂ ደግሞ የላይብረሪ ሳይንስ ማስተርስ ውስጥ አርካይቭ የሚለውን ዘርፍ እዪ፣ ብዙው ቋሚ ቅጥር የሚጠይቀው እሱን ነው። ሲቪሽን ላኪልኝ፣ የካሴቱን ፕሮጀክት ከላይ አድርጊው እንጂ ሆቢ የሚለው ስር እንዳትከቺው።