የፓምፕ ሙከራው መስመር ጠፍጣፋ ሲሆን፦ በተሰነጣጠቀ አለት ውስጥ ስላለ አግድም ጉድጓድ

ጥያቄ፦ በተሰነጣጠቀ አለት ውስጥ ከአንድ ቋሚ ጉድጓድ ግርጌ የሚነሳ 120 ሜትር ርዝመት ያለው አግድም ጉድጓድ አስቆፍረን፣ በሰከንድ 6 ሊትር እየሳብን ለ12 ሰዓት ሞከርነው። ውሃው በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት 5 ሜትር ያህል ወርዶ እስከ ሙከራው ማብቂያ ባለበት ቆየ፤ ስለዚህ ጉድጓዱ ይህን መጠን ያለማቋረጥ ይሰጣል ብለን ወሰንን። ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን ውሃው ከሳምንት ወደ ሳምንት እየወረደ ፓምፑ አየር መሳብ ጀምሯል። ወንፊቱ (ውሃ የሚያስገባው ባለቀዳዳ ቱቦ) ተደፍኖ ይሆን? ፓምፑንስ ዝቅ ብናደርገው ይበጃል?

መልስ፦ ፓምፑን ከመንካትዎ በፊት ያ 10 ሰዓት የቆየ ጠፍጣፋ መስመር ምን እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። በእኔ ግምት ችግሩ ያለው ወንፊቱ ላይ ሳይሆን በሙከራው አተረጓጎም ላይ ነው።

የተሰነጣጠቀ አለት ውሃን በሁለት ቦታ ይይዛል። ስንጥቆቹ ውሃን በፍጥነት ያሳልፋሉ እንጂ ብዙ አያከማቹም፤ በስንጥቆቹ መካከል ያለው የአለት አካል ደግሞ ብዙ ያከማቻል፣ ነገር ግን የያዘውን የሚለቀው በዝግታ ነው። ፓምፑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰጡት ስንጥቆቹ ናቸው። የእነርሱ ግፊት ሲቀንስ አለቱ የያዘውን ውሃ ወደ እነርሱ መልቀቅ ስለሚጀምር የውሃው መውረድ ለጊዜው ጋብ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱ እንደ አንድ አካል ሆነው መውረዱ እንደገና ይቀጥላል። ይህን ባሕርይ ተመራማሪዎቹ ባረንብላት፣ ዜልቶቭና ኮቺና በ1960 እ.ኤ.አ.፣ ዋረንና ሩት ደግሞ በ1963 እ.ኤ.አ. በቀመር አስቀምጠውታል። እንግዲህ የእርስዎ ሙከራ የቆመው፣ አለቱ ስንጥቆቹን በሚደጉምበት በዚያ የሽግግር ወቅት ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ለማረጋገጥ አዲስ ወጪ ሳያወጡ የሚጀምሩበት መረጃ በእጅዎ ሊኖር ይችላል። ከ12 ሰዓቱ ሙከራ በኋላ ፓምፑ ጠፍቶ ውሃው ሲመለስ የተመዘገበ ንባብ ካለ፣ ውሃው ከመነሻ ከፍታው ገና የጎደለውን በሜትር፣ ፓምፑ ከተነሳ ጀምሮ ያለው ጊዜ ከጠፋ ወዲህ ላለው ጊዜ ተካፍሎ ከሚገኘው ቁጥር ሎጋሪዝም ጋር ይሳሉት። ጠፍጣፋው መስመር ከወንዝ ወይም ከሌላ ምንጭ በሚገባ ውሃ የመጣ ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ቁጥር ገና 2 አካባቢ ሳለ ውሃው ወደ ነበረበት ከፍታ ይመለስ ነበር። ቁጥሩ ወደ 1 ሲጠጋ እንኳ ጉድለት ከቀረ ግን የውሃ አዘሉ አለት ስፋት ውስን ነው ማለት ነው፤ ያ ከሆነ ጉዳዩ ከዚህ ይከብዳል።

መደፈንን ለመለየት የመመልከቻ ጉድጓድ (ሳይሳብበት የውሃው ከፍታ ብቻ የሚለካበት በአቅራቢያው ያለ ጉድጓድ) ይበቃል። ወንፊት ሲደፈን ውሃው በሚሳብበት ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ተጨማሪ ይወርዳል፤ በመመልከቻውም እኩል እየወረደ ከሆነ ወንፊቱን ማጠብ አይጠቅምዎትም። መመልከቻው ስንጥቅ ያላገኘ ከሆነ ግን ቅርብ ቢሆንም የውሃውን መውረድ ዘግይቶ ስለሚያሳይ፣ አንዱን በዋናዎቹ ስንጥቆች አቅጣጫ፣ ሌላውን አቅጣጫቸውን በ90 ዲግሪ በሚያቋርጥ አቅጣጫ ቢያደርጉ ይመረጣል።

አግድም ጉድጓድ በዚህ ላይ የራሱን ውስብስብነት ይጨምራል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚወጣው ውሃ አብዛኛው በቋሚው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመው ነው። ቀጥሎ ውሃው ከላይም ከታችም ከጎንም ወደ አግድሙ ቱቦ ዙሪያ ይመጣል፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ብቻ ከሩቅ በአግድም ይፈስሳል። በከፊል ሎጋሪዝም ወረቀት ላይ (ጊዜው በሎጋሪዝም፣ የውሃው መውረድ በተራ መለኪያ በሚሳልበት) የዙሪያው ፍሰትም የሩቁ ፍሰትም ቀጥታ መስመር ሊሰጥ ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው መስመር የሚወሰነው በቱቦው ርዝመት እንጂ ውሃ ባዘለው የአለት ንብርብር ውፍረት አይደለም። ንብርብሩ 30 ሜትር ውፍረት ቢኖረውና ውሃ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢያሳልፍ፣ ያን መስመር እንደ ተራ ቋሚ ጉድጓድ ያሰላ ሰው ውሃ የማስተላለፍ አቅሙን 4 እጥፍ አጋንኖ ያገኘዋል።

ስለዚህ ውሃው በደንብ እስኪመለስ ካረፈ በኋላ ሙከራውን በማይለዋወጥ መጠን ይድገሙት፤ መጀመሪያ በየደቂቃው፣ ከዚያ እያራራቁ ይመዝግቡ። ማቆሚያውን በሰዓት ብዛት አይወስኑ። ከጠፍጣፋው በኋላ የሚመጣው መስመር ጊዜው አሥር እጥፍ እስኪሆን ድረስ ሳይዛነፍ ሲቀጥል ብቻ ያቁሙ፤ ይህ ቀናት ቢወስድም ያዋጣል። ለምሳሌ ያ መስመር በእያንዳንዱ የአሥር እጥፍ ጊዜ 1.9 ሜትር የሚወርድ ቢሆን፣ በ6 ሊትር ስሌት ውሃ የማስተላለፍ አቅሙ በቀን 50 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከ1ኛው ቀን እስከ 100ኛው ቀን ድረስም ተጨማሪ 3.8 ሜትር ይወርዳል። የመሳቢያውን መጠን በዚህ ልክ ይወስኑ።

ፓምፑን ዝቅ ማድረግ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። በአንድ ስንጥቅ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ከክፍተቱ ኩብ ጋር ስለሚያድግ፣ ክፍተቱ እጥፍ የሆነ ስንጥቅ 8 እጥፍ ያሳልፋል፤ በመሆኑም ከ120 ሜትሩ ውስጥ አብዛኛውን ውሃ የሚሰጡት ጥቂት ስንጥቆች ሊሆኑ ይችላሉ። ውሃው ወርዶ እነርሱን ካደረቀ የጉድጓዱ ምርት በድንገት ያሽቆለቁላል። በቱቦው ውስጥ የፍሰት መለኪያ አስገብተው የት የት እንደሚገባ ይለዩ፤ እስከዚያው የመሳቢያውን መጠን ቀንሰው ውሃው ሁልጊዜ ከአግድሙ ቱቦ በላይ እንዲሆን ያድርጉ።