ለዓሣ ኩሬ የሙቀት ማሳያ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም የጎጃም ዓሣ አርቢዎች! ክረምት የማይበግረው የውኃ ሙቀት ማሳያ ስለመሥራት የጠየቃችሁኝን እነሆ።

ከመራዊ፦ ሙቀቱን ማወቅ ምን ያደርግልኛል?
ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ሙቅ ውኃ ይወዳል። ደህና የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። ከ20 ሲወርድ የመብላት ፍላጎቱ ይቀንሳል። የተረፈው መኖ ደግሞ እየበሰበሰ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ መኖ ከመበተንህ በፊት ቁጥሩን እይ።

ከፍኖተ ሰላም፦ የቱን ሴንሰር (ሙቀት ለኪ) ልግዛ?
ዲኤስ18ቢ20፣ በብረት ቱቦ የታሸገውን። ስህተቱ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ለዓሣ ይበቃል። ከአርዱይኖ (ሴንሰሩን አንብቦ ቁጥሩን ወደ ማሳያው ከሚልከው ትንሽ ሰርኪዩት) ጋር ስታገናኚው፣ እህቴ፣ በዳታው (መረጃ በሚያስተላልፈው) እና በፖዘቲቩ ገመድ መካከል 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የሚገታ ትንሽ ዕቃ) አስገቢ።

ከደብረ ማርቆስ፦ አንዳንዴ 85 ይላል፣ አንዳንዴ -127። ተበላሸ?
አይመስለኝም። 85 ሴንሰሩ ሳይለካ በፊት የሚይዘው ቁጥር ነው። ለመለካት እስከ 750 ሚሊሰከንድ ጊዜ ስጠው፤ ኃይሉንም ፈትሽ። -127 ካለ ግን ሴንሰሩ አልተገኘም ማለት ነው፤ ገመዱን እይ።

ከባሕር ዳር፦ ሰርኪዩቱ ያለበትን ሳጥን በሲሊኮን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼው ውስጡ ውኃ አገኘሁ። ከየት መጣ?
ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ጥፋተኛው ሁልጊዜ ዝናብ አይደለም። ቀን ሳጥኑ ሲሞቅ አየሩ ይሰፋና በጥቃቅን ክፍተት ይወጣል። ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የኩሬውን እርጥብ አየር ስቦ ያስገባል። እርጥበቱ ግድግዳው ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀራል፤ መውጫ የለውማ! ስለዚህ ከሥሩ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ ብሳ፤ ጉንዳን እንዳይገባም በወንፊት ሽቦ ሸፍን። ገመዶቹ ሁሉ ከታች ይግቡ። ከመግባታቸው በፊት ትንሽ ወደ ታች ይርገቡ፤ ጠብታው እዚያው ይንጠባጠባል። ሰርኪዩቱን ከሳጥኑ ወለል ከፍ አድርገህ እሰር። ሲደርቅ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን አጠገቡ አታድርስ፤ መዳብ ይበላል። ከላይ የቆርቆሮ ጥላ ካደረግክለት የቀኑም ሙቀት ይቀንስለታል።

ከቡሬ፦ ቁጥሩ በፀሐይ አይነበብም።
ነጭ ፊደል በሰማያዊ መደብ ከሆነ ቀይረው። በግራጫ መደብ ላይ ጥቁር ፊደል ያለው ኤልሲዲ (የቁጥር ማሳያ) ፀሐይ ላይ ጥሩ ይነበባል።

ከደምበጫ፦ ሴንሰሩ ምን ያህል ይጥለቅ?
ላዩን ብቻ አትለኪ፤ ከሰዓት በኋላ ላዩ ሞቆ ታቹ ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል። አንድ ብቻ ካለሽ መሐል ጥልቀቱ ላይ፣ ከውኃ መግቢያው ራቅ አድርገሽ፣ ከእንጨት ጋር እሰሪው። ሁለት ካሉሽ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች አድርጊ። ሁለቱም በአንድ የዳታ ገመድ ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ መለያ ቁጥር አለው።