ከሐይቅ ደለል የጥንቱን ዝናብ ማንበብ፦ ለአንድ የሥነ ሕይወት ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂ፣

በወሎ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የሥነ ሕይወት ተማሪ መሆንዎን፣ በሐይቅ ደለል ውስጥ ከተቀበሩ አልጌዎች የጥንቱን ዝናብና ድርቅ የሚያጠናው ሙያ እንደሳበዎት፣ ሆኖም መስኩ ለሥነ ምድር ምሩቃን ብቻ የተተወ እንዳይሆን እንደሚሰጉና ቤተሰብዎም ሥራ የሚያስገኝ ነገር እንዲማሩ እንደሚመክሩዎት ጽፈውልኛል። ስጋትዎን በተመለከተ፣ የትምህርት ክፍል መቀየር አያስፈልግዎትም፤ የዚህ ሙያ እምብርት ሥነ ሕይወት ነው።

ዲያቶም የሚባሉት ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች ቅርፊታቸው ከሲሊካ (መስታወት ከሚሠራበት ማዕድን) የተሠራ ስለሆነ፣ ከሞቱ በኋላ በሐይቁ ወለል ላይ እየተደራረቡ ለሺዎች ዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ። እያንዳንዱ ዝርያ የሚስማማው የጨው መጠንና የውኃ ጥልቀት አለው። መውጫ የሌለው ሐይቅ ዝናብ ሲያጥረው በትነት እየጎደለ ጨዋማነቱ ስለሚጨምር ጨው የሚችሉት ዝርያዎች ይበዛሉ፤ ዝናቡ ሲመለስ ደግሞ ጨው የሌለበትን ውኃ የሚወዱት ቦታውን ይይዛሉ። የደለሉ ዕድሜ በራዲዮካርቦን፣ የቅርቡ 150 ዓመት ገደማ ደግሞ በእርሳስ-210፣ ማለትም በጊዜ ብዛት መጠናቸው እየቀነሰ በሚሄድ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች፣ ይለካል። ዝርያን ከዝርያ በትክክል መለየት የማይችል ሰው ግን፣ ዕድሜውና ስሌቱ የቱንም ያህል የተራቀቀ ቢሆን፣ ስለ ዝናቡ የሚናገረው ነገር አይኖረውም።

ሙያው ምን ሊያስገኝ እንደሚችል የኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ ጥሩ ማሳያ ነው። ተመራማሪው ዲርክ ቨርሹረንና ባልደረቦቹ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከዲያቶምና ከሌሎች ቅሪተ አካላት ተነሥተው የ1,100 ዓመት ታሪክ አቅርበዋል። እ.ኤ.አ. ከ1000 እስከ 1270 ገደማ አካባቢው ከዛሬው የደረቀ ነበር፤ ቀጥሎ እስከ 1850 በዘለቀው አንጻራዊ የእርጥበት ዘመን ውስጥም በ1380–1420፣ በ1560–1620 እና በ1760–1840 ገደማ ሦስት ረጃጅም ድርቆች ተከስተዋል። እነዚህ ዘመናት በአካባቢው የአፍ ታሪክ ከሚነገሩት የረኃብና የስደት ዘመናት ጋር መግጠማቸው፣ ለእኔ የዚህን ሙያ ክብደት ከማንኛውም ነገር በላይ የሚያሳይ ነው።

ነገር ግን ማንኛውም ሐይቅ እኩል አይናገርም። ጣና ውኃውን በዓባይ በኩል ስለሚያፈስ በጨዋማነቱ ላይ ብቻ መመካት አይቻልም፤ የአብያታ ሐይቅ በቅርብ አሥርት ዓመታት መጉደልም ሰው ለመስኖና ለሶዳ አሽ (ለኢንዱስትሪ የሚውል ጨው) ምርት ውኃ በመውሰዱ ጭምር የመጣ ስለሆነ፣ መቀነሱን ሁሉ በዝናብ እጥረት ማሳበብ ስሕተት ነው። በጣም አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) በሆነ ውኃ ደግሞ ቅርፊቶቹ ራሳቸው ሊሟሙ ይችላሉ። ይህን መመዘን የሚችል ተመራማሪ መሆን አለብዎት። ከደሴ ብዙም የማይርቀው፣ ስሙም «ሐይቅ» የሆነው ሐይቅ ወደ 15,600 ዓመት የሚዘልቅ የዲያቶም መዝገብ ያስገኘ ስለሆነ፣ በደጅዎ ያለውን ሀብት አቅልለው እንዳያዩት አደራ እላለሁ።

የቤተሰብዎ ምክር ተገቢ ነው። በዚህ ሙያ ስም የሚወጣ የቅጥር ማስታወቂያ በአገራችን እምብዛም ስለማይገኝ፣ መንገዱ በአብዛኛው በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ አልፎ ወደ ዩኒቨርሲቲ መምህርነትና ምርምር ያመራል። ይሁንና ዲያቶምን የመለየት ችሎታ ለጥንቱ ብቻ የሚያገለግል አይደለም፤ አውሮፓ ከ2000 እ.ኤ.አ. የውኃ ሕግ ወዲህ የወንዞቿን ጤንነት ከምትለካባቸው ሕያዋን መካከል አንዱ ይኸው አልጌ ነው። በእኛም አገር የውኃ ጥራትን የሚከታተሉ ተቋማትና በሰበታ የሚገኘው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ለዚህ ችሎታ ቅርብ ናቸው። ስለዚህ ሁለተኛ ዲግሪዎን በውኃ ሳይንስ ቢይዙና የጥንቱን ዘመን የምርምር ርእስዎ ቢያደርጉት፣ ሁለቱም በር ክፍት ይሆንልዎታል።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ደለሉ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከታጠበ በኋላ፣ በአንድ ናሙና ብዙውን ጊዜ ከ300 በላይ ቅርፊቶች በ1,000 እጥፍ ማጉያ አንድ በአንድ እየተለዩ ይቆጠራሉ፤ ናሙናዎቹም በመቶዎች ሊደርሱ ይችላሉ። ይህን እንደሚወዱት ከወዲሁ ማወቅ ይገባዎታል። ለመመረቂያ ጥናትዎ ከ«ሐይቅ» እና ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ የወለል ደለል ወስደው፣ በየቦታው የጨው መጠኑን የሚያመለክተውን የውኃውን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ለክተው፣ ዝርያዎቹን ፈረንሳዊቷ ፍራንስዋዝ ጋስ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ዲያቶሞች ከተዉልን ሥራ ጋር እያስተያዩ ይቁጠሩ። ጥልቅ ደለል ለማውጣት የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ ነው፤ ለዚህ ግን ጀልባ፣ ማይክሮስኮፕና ፈቃደኛ አማካሪ መምህር ይበቃሉ። አማካሪዎን የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ያነጋግሩ።